ዓሣ ነባሪና አንበሳ በአንድ ጉዞ፦ የደቡብ አፍሪካ የጥምር ጉብኝት ገበያ

በጉብኝት ሥራ ላይ የተሰማራ ነጋዴ ሁሉ ዘወትር የሚያብሰለስለው አንድ ጥያቄ አለ። ደንበኛው አንድ ጊዜ ቲኬት ቆርጦ ከመጣ በኋላ ሦስት ወይም አራት ሌሊት ጨምሮ እንዲያድር ማድረግ የሚቻለው እንዴት ነው? ጎብኚው አምስት ቀንም ቆየ አሥራ አምስት ቀን የአውሮፕላኑ ሒሳብ ያው በመሆኑ፣ የአስጎብኚው፣ የሆቴል ባለቤቱና የመኪና አከራዩ ገቢ የሚወሰነው በሌሊቶቹ ቁጥር ነው። ደቡብ አፍሪካውያን ለዚህ ጥያቄ ካገኟቸው መልሶች አንዱ በባሕር ዳርቻ ዓሣ ነባሪን፣ በመሀል አገር ደግሞ አንበሳንና ዝሆንን በአንድ ጉዞ አጣምሮ መሸጥ ነው።

ወደብ በሌለው አገር የሚኖር ነጋዴ የዓሣ ነባሪ ወሬ ምን ይበጀዋል የሚል አንባቢ አይጠፋም። ይሁን እንጂ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ጆሃንስበርግም ሆነ ወደ ኬፕታውን ስለሚበር ወደ ደቡብ አፍሪካ ከሚጓዘው የሌላ አህጉር ጎብኚ ከፊሉ የሚያልፈው በቦሌ በኩል ነው። በጆሃንስበርግ «ጂፒ» እየተባለ በሚጠራው የንግድ ሠፈርም በርካታ ኢትዮጵያውያን በጅምላና በችርቻሮ ንግድ ላይ ተሰማርተው ይገኛሉ። ሸቀጡ ሩቅ ቢመስልም በመንገዱ ላይ የቆሙት ሰዎች ሩቅ አይደሉም።

የሁለት ወቅቶች መገጣጠም

ገበያው የቆመው በአንድ የተፈጥሮ አጋጣሚ ላይ ነው። «ሳውዘርን ራይት» የተባለው ዓሣ ነባሪ የሚመገበው ከደቡብ አፍሪካ በስተደቡብ ርቆ በሚገኘው ቀዝቃዛ ውቅያኖስ ሲሆን፣ ለመውለድና ለመራባት ወደ ደቡብ አፍሪካ ዳርቻ የሚመጣው ከሰኔ ጀምሮ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነው። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ቁጥሩ ይበዛል። እናቶቹ ግልገሎቻቸውን ይዘው ነፋስና ማዕበል በማይበረታባቸው ሰርጦች ውስጥ ለሳምንታት ስለሚቆዩ፣ ከመሬት ሆኖ በዓይን ማየት ይቻላል።

በሌላው የአገሪቱ ጫፍ፣ በሰሜን ምሥራቅ በኩል የሚገኘው ክሩገር ብሔራዊ ፓርክ የሚደርቀውም በእነዚሁ ወራት ነው። ሣሩ ያጥራል፣ ቅጠል ይረግፋል፣ በየጥሻው የነበረው ኩሬ ይደርቃል። በዚህ ጊዜ ዝሆኑም ጎሹም የሜዳ አህያውም ወደቀሩት ወንዞችና የውኃ ጉድጓዶች ይሰበሰባል፤ አንበሳም ተከትሎት ይመጣል። መኪናውን ውኃ ዳር አቁሞ የሚጠብቅ ሰው በዝናቡ ወራት ሦስት ቀን ዞሮ የማያየውን በአንድ ጧት ያያል። የወባ ትንኝም በዚሁ ወቅት ስለሚቀንስ ቤተሰብ ይዞ የሚመጣው ደንበኛ ስጋቱ ይቀልለታል።

የኬፕታውን አካባቢ ግን የተለየ ነው። ዝናቡ የሚወርደው በክረምቱ፣ ማለትም በእኛ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ በመሆኑ ለዋና የሚመጣው ጎብኚ በታኅሣሥና በጥር እየጎረፈ በሰኔ ይጠፋል። ሆቴሎች ክፍላቸው ባዶ ሲያድር ዋጋ ይቀንሳሉ። ዓሣ ነባሪው ብቅ የሚለው እንግዲህ ልክ አልጋው ባዶ በሆነበት ሰዓት ነው። ለሆቴሉ ባለቤት ከዚህ የበለጠ እንግዳ የለም፤ ማስታወቂያ ሳይከፈልበት በራሱ ጊዜ ይመጣል፣ ሌላውንም ይጠራል።

በነጻ የሚታይ ሸቀጥ

ከኬፕታውን በስተደቡብ ምሥራቅ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሄርማነስ የዚህ ገበያ ማዕከል ነች። ከተማዋ «ዎከር ቤይ» በተባለው ሰርጥ ዳር በገደል ላይ የተቀመጠች ስትሆን፣ በገደሉ ጫፍ ላይ የተሠራውን የእግር መንገድ ይዞ የሚሄድ ሰው ከታቹ ዓሣ ነባሪው ሲተነፍስ ድምፁን ሳይቀር ይሰማል። እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ከተማዋ የዓሣ ነባሪ አዋጅ ነጋሪ ቀጥራለች። ሰውየው ከደረቀ የባሕር ተክል የተሠራ ጥሩምባ ይዞ በየመንገዱ እየዞረ ዓሣ ነባሪዎቹ በየትኛው በኩል እንደታዩ በጥሩምባው ምት ያስታውቃል። በመስከረም መጨረሻ ገደማ የሚደረገው ዓመታዊ የዓሣ ነባሪ በዓል ሲቃረብ ክፍል ለማግኘት አስቀድሞ መያዝ ግድ ይሆናል።

ለነጋዴ ጆሮ የሚጥመው ነጥብ ግን ሌላ ነው። በገደሉ ላይ ቆሞ ማየት ምንም አያስከፍልም። ከተማዋ የምትሸጠው አልጋውን፣ ምግቡን፣ ቡናውን፣ ወይኑንና ቅርሳ ቅርሱን ነው። ዓሣ ነባሪው እንደ ገበያ ቀን ሰው ይሰበስባል፤ ቀረጥ የሚከፍልበት ግን የለም። በመሆኑም ከዚህ ገቢ የሚጠቀመው እጅግ ብዙ ሰው ሲሆን፣ እያንዳንዱ የሚያገኘው ድርሻ ግን ጥቂት በጥቂት ነው።

ቀረብ ብሎ ማየት የሚፈልገው ደንበኛ ወደ ጀልባ መሄድ አለበት። እዚህ ላይ ሁኔታው ይለወጣል። በደቡብ አፍሪካ ሕግ ማንኛውም ጀልባ ከዓሣ ነባሪ 300 ሜትር መራቅ ያለበት ሲሆን፣ ልዩ ፈቃድ ያለው ጀልባ ብቻ እስከ 50 ሜትር ድረስ መጠጋት ይችላል። ግልገል ወደያዘች እናት መጠጋት ለማንም አልተፈቀደም። ፈቃዱ የሚሰጠው በአካባቢ ተከፋፍሎና ቁጥሩ ተገድቦ ነው። ስለዚህ ፈቃድ ያለው ሰው ያለው ሀብት ጀልባው አይደለም፤ ወረቀቱ ነው። ጀልባ በገንዘብ ይገዛል፣ ፈቃዱ ግን በየጊዜው በመንግሥት ውድድር የሚሰጥ በመሆኑ ለአንድ ሰርጥ ተጫራቹ ብዙ፣ አሸናፊው ጥቂት ነው። ከውጭ ሆኖ «ለደንበኞቼ የጀልባ ቦታ ያዝልኝ» የሚል ወኪል በመጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው የጀልባውን ስፋት ሳይሆን የፈቃዱን ዓይነት ነው። ፈቃድ የሌለው ጀልባ ደንበኛውን ባሕር ላይ ሊያዞረው ይችላል፤ ዓሣ ነባሪውን ግን ከ300 ሜትር ወዲያ ሊያሳየው አይችልም።

የዓሣ ነባሪው ስም ራሱ የንግድ ታሪክ አለው። «ራይት» የተባለው አዳኞች «ለማደን ትክክለኛው ይኼኛው ነው» ብለው ስለመረጡት እንደሆነ ይነገራል። ቀርፋፋ ነው፣ ወደ ዳርቻ ይጠጋል፣ ሲገደል አይሰጥምም፤ ዘይቱም ብዙ ነው። ሙሉ ዕድገት ላይ የደረሰው እስከ 15 ሜትር ይረዝማል፣ ክብደቱም ከ40 ቶን ይበልጣል። በዚህ ምክንያት ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው እ.ኤ.አ. በ1935 በዓለም አቀፍ ስምምነት እንዳይታደን ተከለከለ፤ ሆኖም የሶቪየት መርከቦች ከዚያ በኋላም በሕገ ወጥ መንገድ ሲያድኑት ቆይተዋል። በደቡብ አፍሪካ የመጨረሻው የዓሣ ነባሪ ማረጃ፣ የደርባኑ ጣቢያ፣ የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ከዚያ ወዲህ ወደ ደቡብ አፍሪካ ዳርቻ የሚመጣው ቁጥር ለረጅም ጊዜ በዓመት 7 በመቶ ያህል ሲጨምር ኖሯል። ሞቶ በበርሜል ይሸጥ የነበረው እንስሳ በሕይወት እያለ በየዓመቱ ተመላልሶ የሚሸጥ ሆነ ማለት ነው።

የመሀል አገሩ ግማሽ

ክሩገር እ.ኤ.አ. በ1926 ብሔራዊ ፓርክ የሆነ ሲሆን ስፋቱ ወደ 20 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። አንበሳ፣ ነብር፣ ዝሆን፣ ጎሽና አውራሪስ፣ የጥንት አዳኞች «አምስቱ ታላላቆች» ያሏቸው፣ ሁሉም ይገኙበታል። በዚህ ፓርክ ዙሪያ ሁለት የተለያዩ ገበያዎች አሉ፤ ልዩነታቸውን ያላወቀ ሻጭ ደንበኛውን ቅር ማሰኘቱ አይቀርም።

የመጀመሪያው የመንግሥቱ ነው። እንደ ስኩኩዛና ሎወር ሳቢ ባሉት ካምፖች ውስጥ ጎጆ ተከራይቶ፣ የራስን መኪና እየነዱ በአስፋልትና በጠጠር መንገድ መዞር ይቻላል። በር የሚዘጋው ከምሽቱ በፊት ነው፤ ከመንገድ መውጣት ክልክል ነው። ዋጋው መካከለኛ ገቢ ያለው ሰው የሚችለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ በፓርኩ ምዕራባዊ ወሰን ላይ ያሉት እንደ ሳቢ ሳንድ ያሉ የግል ጥብቅ ቦታዎች ናቸው። በሳቢ ሳንድና በክሩገር መካከል የነበረው አጥር እ.ኤ.አ. በ1993 ስለፈረሰ አውሬው እንደልቡ ይመላለሳል። በዚህ በኩል ሾፌሩና ዱካ ተመልካቹ እንግዳውን ክፍት መኪና ላይ አስቀምጠው ነብሩን ተከትለው ጥሻ ውስጥ ይገባሉ፣ በማታም ይወጣሉ። ለአንድ ሌሊት የሚከፈለው በመንግሥት ካምፕ ከሚከፈለው ከአሥር እጥፍ በላይ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

እንስሳው አንድ ነው፤ የሚሸጠው ግን የመጠጋት መብት ነው። በሄርማነስ የጀልባው ፈቃድ፣ በሳቢ ሳንድ ደግሞ ከመንገድ የመውጣት መብት። ጥምር ጉዞ የሚያዘጋጅ ሰው በሁለቱም ጫፍ ርካሹን ወይም በሁለቱም ጫፍ ውዱን ማጣመር የለበትም። ልምድ ያላቸው አስጎብኚዎች አንዱን ከአንዱ ያካክሳሉ፤ በባሕሩ በኩል ገደሉ ላይ በነጻ አሳይተው በመሀል አገር የግል ሎጅ ያስገቡታል፤ ወይም ጀልባውን ከፍለውለት ክሩገርን በኪራይ መኪና ያስጎበኙታል። የደንበኛው ከረጢት ተመጥኖ መሆኑ ነው።

ሦስት መንገዶች

በብዛት የሚሸጠው መንገድ ኬፕታውንን ከክሩገር የሚያገናኘው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በመኪና 1 ሺህ 800 ኪሎ ሜትር ያህል በመሆኑ ሰፊ የእረፍት ጊዜ የሌለው ሰው ነድቶ አይሞክረውም። ከኬፕታውን ወደ ስኩኩዛ፣ ወደ ሁድስፕሩትና ወደ ምቦምቤላ የሚበር አውሮፕላን ስላለ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ሦስት ሌሊት በኬፕታውን፣ ሁለት ሌሊት በሄርማነስ፣ ሦስት ሌሊት በክሩገር የተለመደው አደላደል ነው። የአገር ውስጥ በረራው ዋጋ ግን ከጠቅላላው ሒሳብ ላይ ትልቅ ቁራሽ ይወስዳል፤ ይህም ወደ ሎጁ ወይም ወደ ወኪሉ ኪስ ሊገባ ይችል የነበረ ገንዘብ ነው።

ሁለተኛው በምሥራቅ ኬፕ በኩል ያለው ነው። የአዶ ዝሆን ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1931 ሲቋቋም 11 ዝሆኖች ብቻ ቀርተውት ነበር፤ ዛሬ ከ600 በላይ ናቸው። ፓርኩ እስከ ባሕር ድረስ በመስፋፋቱ በአምስቱ ታላላቆች ላይ ዓሣ ነባሪንና ትልቁን ነጭ ሻርክ ጨምረው «ሰባቱ ታላላቆች» በሚል ስም ይሸጡታል። ስሙ ከሸቀጡ ትንሽ ይበልጣል፤ ሰባቱን በአንድ መኪና ተቀምጦ ያየ የለም፣ ለባሕሩ ወደ አልጎዋ ሰርጥ ሄዶ ጀልባ መሳፈር ያስፈልጋል። የሆነ ሆኖ አካባቢው ወባ የሌለበት በመሆኑና የቀድሞዋ ፖርት ኤልሳቤጥ፣ የአሁኗ ቄበርሃ፣ አውሮፕላን ማረፊያ በቅርብ ስለሚገኝ ትናንሽ ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች ይመርጡታል።

ሦስተኛው መንገድ ከሁለቱ ይልቅ አነስተኛ ማስታወቂያ የሚነገርለት ቢሆንም፣ በአካሄዱ ሲታይ ከሁሉም የተቀናጀው እሱ ነው። ከደርባን በስተሰሜን ሦስት ሰዓት ያህል ተነድቶ የሚደረስባት ሴንት ሉሲያ እ.ኤ.አ. በ1999 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የኢሲማንጋሊሶ ረግረግ ፓርክ መግቢያ ላይ ትገኛለች። ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል ወደ ውስጥ ሲነዳ እ.ኤ.አ. በ1895 የተከለለው የሽሉሽሉዌ–ኢምፎሎዚ ፓርክ ይገኛል። ጧት ባሕር ላይ ዓሣ ነባሪ፣ ከሰዓት በኋላ በወንዙ ጉማሬ፣ በማግስቱ አውራሪስ ማየት ይቻላል፤ አውሮፕላን አያስፈልግም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ደርባን የበረረባቸው ዓመታት እንደነበሩ የሚያስታውሱ ወኪሎች ይህን መስመር ያውቁታል።

ችግሩ ዓሣ ነባሪው ሌላ መሆኑ ነው። በዚህ በኩል የሚያልፈው «ሃምፕባክ» የሚባለው ጀርባ ጎባጣው ሲሆን መንገደኛ ነው። ከሰኔ ጀምሮ ወደ ሞዛምቢክ ይወጣል፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ደግሞ ወደ ደቡብ ይመለሳል። እንደ ሄርማነሱ ሰርጥ ውስጥ ገብቶ አይቆምም፤ ስለዚህ ጀልባ ግድ ነው። ባሕሩ ሲነሳ ጀልባው አይወጣም። ሌላም ከባድ ነገር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በደቡብ አፍሪካ በሕገ ወጥ አዳኞች ከተገደሉት 499 አውራሪሶች ውስጥ 307ቱ የተገደሉት በዚሁ በሽሉሽሉዌ–ኢምፎሎዚ ፓርክ ነው። ፓርኩ በአንድ ወቅት ነጭ አውራሪስን ከመጥፋት ያተረፈ ቦታ ነበር። አውራሪስ ተስፋ አድርጎ ደንበኛ የሚልክ ሰው ይህን ማወቅ አለበት።

ገንዘቡ እንዴት ይዘዋወራል?

በዚህ ንግድ ውስጥ ሁለት ዋጋ አለ፤ ለደንበኛው የሚነገረውና ለወኪሉ የሚሰጠው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በአብዛኛው ከ10 በመቶ ጀምሮ እስከ 25 በመቶ ይደርሳል፤ ብዙ ክፍል በአንድ ጊዜ የሚወስድ ደግሞ ከዚያም በላይ ሊያገኝ ይችላል። ከዚህ ላይ የአገር ውስጥ አስጎብኚውም የውጭው ወኪልም ይካፈላሉ። መሀል ላይ የሚገባ ደላላ በበዛ ቁጥር ድርሻው ይሳሳል። በመሆኑም አዲስ የሚገባ ሰው ሊጠይቅ የሚገባው «ስንት በመቶ?» ብቻ ሳይሆን «ከማን ዋጋ ላይ?» ብሎም ነው።

ቀብድ ሲያዝ ይከፈላል፣ ቀሪው ደንበኛው ከመምጣቱ ሳምንታት አስቀድሞ ይጠናቀቃል። የክሩገር የመንግሥት ካምፖች ክፍል ከ11 ወር በፊት ጀምሮ መያዝ የሚቻል በመሆኑ፣ ለነሐሴና ለመስከረም ጥሩ ጥሩዎቹ ጎጆዎች ቀድመው ያልቃሉ። እዚህ ላይ የምንዛሪ ጉዳይ ይመጣል። ወኪሉ ዋጋውን በዶላር ቆርጦ ለደንበኛው ይነግራል፤ ሎጁ የሚከፈለው ግን በአብዛኛው በራንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ ዶላር በ7 ራንድ አካባቢ ይመነዘር ነበር፤ በ2023 ከ18 ራንድ በላይ ሆኗል። ራንድ ሲወርድ በዶላር የሸጠ ወኪል ሳይታሰብ ያተርፋል። ለአጭር ጊዜም ቢሆን ሲጠነክር ግን አስቀድሞ የቆረጠው ዋጋ ይበላዋል። ለምሳሌ ትርፉን 12 በመቶ አድርጎ ያሰላ ሰው፣ ክፍያው እስኪደርስ ራንድ 10 በመቶ ቢጠነክርና ወጪው በሙሉ በራንድ ቢሆን የቀረው ነገር የስልክ ሒሳቡን አይሸፍንም። ጠንቃቆቹ ቀብዱ በገባ ዕለት ራንዱን ይገዛሉ።

ከአዲስ አበባ ለሚሠራ ወኪል ጣጣው እጥፍ ነው። ብር እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ዋጋው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በብር ተነግሮ የቆየ ዋጋ በሁለት በኩል ይንቀሳቀሳል፤ አንዴ ከብር ወደ ዶላር፣ አንዴ ከዶላር ወደ ራንድ።

ዓሣ ነባሪው ባይመጣስ?

ሳፋሪ የሚሸጥ ሰው አንበሳ ባይታይ ዝሆን አለው፣ ዝሆን ባይኖር ቀጭኔ አለው። ዓሣ ነባሪ የሚሸጥ ሰው ግን አንድ ሸቀጥ ብቻ ነው ያለው። የዚህ ንግድ ትልቁ ስጋት ያለው እዚህ ላይ ነው።

የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ የዓሣ ነባሪ ጥናት ክፍል በየዓመቱ በጥቅምት ገደማ በአየር ላይ ሆኖ የዳርቻውን ቆጠራ ያካሂዳል። እ.ኤ.አ. በ2018 የተቆጠሩት ከ1 ሺህ በላይ ነበሩ፤ የሄርማነስ ሰዎችም ተደሰቱ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2019፣ ቁጥሩ ክፉኛ አሽቆለቆለ። የጀልባው ብዛትም ሆነ የከተማው ጥሩምባ አልተለወጠም። የተለወጠው ሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ያለው የምግብ ማሳ ነው። እናቶቹ በመውለጃው ወራት ምንም አይመገቡም፤ በደቡብ ውቅያኖስ «ክሪል» የተባሉትን ደቃቅ የባሕር እንስሳት በልተው ባጠራቀሙት ስብ ነው የሚያጠቡት። ምግቡ ባነሰበት ዓመት ሴቷ አትፀንስም፤ ካልፀነሰች ደግሞ ወደ ዳርቻ የምትመጣበት ምክንያት የለም። ቀድሞ በየሦስት ዓመቱ ይወልዱ የነበሩት ባለፉት ዐሥርት ዓመታት በአራትና በአምስት ዓመት አንዴ መውለድ መጀመራቸውን ተመራማሪዎቹ አረጋግጠዋል፤ የእናቶቹም ሰውነት ከቀድሞው ከስቶ ተገኝቷል። ይህ ማለት አንድ ዓመት ገበያው ሞልቶ ሌላው ዓመት ሊጎድል ይችላል ማለት ነው፤ ያውም ነጋዴው አስቀድሞ የሚያውቅበት ዘዴ ሳይኖረው።

ከሄርማነስ ጥቂት አለፍ ብላ የምትገኘው የጋንስባይ ታሪክ ደግሞ ይበልጥ ያስጠነቅቃል። ከተማዋ ጎብኚውን በብረት ቀፎ ውስጥ አስገብታ ትልቁን ነጭ ሻርክ በማሳየት በዓለም የታወቀች ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2017 ጉበታቸው የወጣ የሻርክ ሬሳዎች ዳርቻው ላይ ወድቀው ተገኙ። ገዳዮቹ ተመራማሪዎች «ፖርት» እና «ስታርቦርድ» ብለው የሰየሟቸው ሁለት ኦርካዎች እንደሆኑ ታመነ። ከዚያ ወዲህ ነጭ ሻርኩ ከአካባቢው ሸሽቶ የሚታየው ከስንት አንዴ ሆነ። ዓሣ አጥማጆችም አስተዋጽኦ ሳይኖራቸው አልቀረም የሚሉ አሉ። ጀልባዎቹ ሥራቸውን አላቆሙም፤ ሌላ ዓይነት ሻርክ ማሳየት ጀመሩ፣ ማስታወቂያውንም ቀየሩት። ነገር ግን ሩቅ አገር ሆነው የድሮውን ፎቶግራፍ እየለጠፉ የሸጡ ወኪሎች ከደንበኛ ጋር መጨቃጨቃቸው አልቀረም።

ታዲያ ኪሣራው የማን ነው? አንዳንድ የጀልባ ባለቤቶች ዓሣ ነባሪ ካልታየ ከፊሉን ገንዘብ ይመልሳሉ ወይም ሌላ ቀን በነጻ ይወስዳሉ። ሌላ ቀን የሚለው ግን በማግስቱ ወደ ክሩገር ለሚበር ደንበኛ ምንም አይጠቅመውም። ስለዚህ ጥምር ጉዞን በሚገባ የሚያዘጋጁ ሰዎች የባሕሩን ክፍል በመጀመሪያ ያደርጉታል፣ ሁለት ሌሊትም ይይዛሉ፤ አንዱ ቀን ነፋስ ቢሆን ሁለተኛው ይተርፋል። ወሩንም ይመርጣሉ። በኅዳር መጨረሻ የሚሸጥ ዓሣ ነባሪ ሊሄድ የተነሳ እንግዳ ነው። በሰኔ መጀመሪያ የሚሸጠውም ገና አልደረሰም። በጽሑፍ ደግሞ «ታያለህ» ሳይሆን «ወቅቱ ነው» ይላሉ። ልዩነቱ ጥቂት ፊደል ነው፤ ክስ ሲመጣ ግን ብዙ ገንዘብ ነው።

ከተፈጥሮ ውጭ የሆነውም አይረሳም። እ.ኤ.አ. በ2020 ደቡብ አፍሪካ በኮቪድ ምክንያት ድንበሯን ስትዘጋ የውጭ ጎብኚ እንደገና መግባት የጀመረው በጥቅምት ነው፤ ያ ዓመት ዓሣ ነባሪዎቹ መጥተው ተመልካች ሳያገኙ የተመለሱበት ነበር ማለት ይቻላል። በኅዳር 2021 ደግሞ «ኦሚክሮን» የተባለው የቫይረሱ ዝርያ መገኘቱ በተነገረ በሰዓታት ውስጥ እንግሊዝ በረራ ከለከለች። ቀብድ የያዙ ሎጆች ገንዘቡን ከመመለስ ቀኑን ማዛወር መረጡ። ቀኑን ማዛወር የሚል አንቀጽ በውሉ ውስጥ ያልነበረው ወኪል ከራሱ ኪስ ከፈለ።

በቦሌ በኩል ለሚያልፈው

ደቡብ አፍሪካ የቢጫ ወባ ስጋት አለባቸው ከምትላቸው አገሮች የሚመጣን መንገደኛ የክትባት ካርድ ትጠይቃለች። ኢትዮጵያ ከእነዚህ አገሮች ውስጥ ነች። ከአዲስ አበባ የሚነሳው ብቻ ሳይሆን በትራንዚት ቦሌ ከ12 ሰዓት በላይ የቆየም ይጠየቃል። ከአውሮፓ ተነስቶ አዲስ አበባ አንድ ሌሊት አድሮ፣ ከተማ ዞሮ፣ ክትፎ በልቶ በማግስቱ ወደ ኬፕታውን የሚቀጥለው ቱሪስት ይህን ካላወቀ በር ላይ ይቆማል፤ የተከፈለበት የሄርማነስ ሌሊትም ይባክናል። ካርዱ ደግሞ የሚጸናው ክትባቱ ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት የያዘው ቪዛም ያስፈልገዋል። ልጅ ይዞ የሚጓዝ ሰው እ.ኤ.አ. በ2015 ደቡብ አፍሪካ ባወጣችው ደንብ ምክንያት የልደት ምስክር ወረቀት ሲጠየቅ ቆይቷል። ደንቡ ለብዙ አገሮች ቢላላም ቪዛ ለሚያስፈልገው መንገደኛ ወረቀቱን ይዞ መገኘት ይሻላል።

ከዚሁ ጋር የአዲስ አበባ አስጎብኚዎች የሚያውቁት በቅርብ ያለ ተመሳሳይ ገበያ አለ። በጂቡቲ፣ በታጁራ ሰርጥ ውስጥ፣ በአርታ ዳርቻ አጠገብ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት የዓሣ ነባሪ ሻርክ ይታያል። ስሙ ዓሣ ነባሪ ይበል እንጂ እውነተኛ ዓሣ ነው፤ በዓለም ካሉት ዓሦች ሁሉ ትልቁ። ሰው አይነካም፤ ጎብኚዎች ከጎኑ ይዋኛሉ። ከዳናክል ወይም ከአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ጋር አጣምረው የሚሸጡት ጥቂቶች አሉ። አዋሽ ሳላና ከርከሮ ያሳያል እንጂ እንደ ክሩገር አንበሳ አሳያለሁ ብሎ የሚፎክር ፓርክ አይደለም፤ የዳናክል የጨው ሜዳና የኤርታሌ እሳተ ገሞራ ግን በየትም የማይገኝ ሸቀጥ ነው። እ.ኤ.አ. ከጥር 2018 ጀምሮ የሚመላለሰው የአዲስ አበባ–ጂቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር በአዋሽ በኩል ያልፋል። የጂቡቲ ሆቴል በዶላር ሲሰላ ውድ ነው፣ የጸጥታውም ሁኔታ በየወቅቱ መጠየቅ አለበት። ወራቱ ግን ጥሩ ነው፤ የሄርማነስ ዓሣ ነባሪዎች ወደ ደቡብ በተመለሱበት፣ የኢትዮጵያም የጉብኝት ገበያ በሚሞቅበት ሰዓት ላይ ይውላል።